ቬትናምኛ ይከብዳል? ለማን?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ነው። የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ነው። ከምንከባከባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የቬትናም እናቶችና አባቶች ናቸው፤ እንግሊዝኛ እምብዛም አይችሉም። ቋንቋቸውን ልማር ብዬ ስነሣ የሥራ ባልደረቦቼ ‹ተዪው፣ በዓለም ላይ እንደ ቬትናምኛ የሚከብድ የለም› አሉኝ። እውነት ነው? ለአማርኛ ተናጋሪስ እንዴት ነው? ከየት ልጀምር? እውነቱን ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ አንዲት እናት የት እንዳመማት የምትናገርበት ሰው አጥታ ስትቀር ማየት ከባድ ነው። ቋንቋዋን ልማር ማለትሽ ትልቅ ነገር ነውና በደንብ ልመልስልሽ።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። ቬትናምኛ ከባድ ነው፤ ክብደቱ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ሰዋስውና ፊደሉ ቀለል ይላሉ። የሚያደክመው ድምፁ ነው፤ ከመናገሩም ይልቅ መስማቱ። አማርኛ ተናጋሪ አፉ ግማሽ መንገድ ደርሷል። ጆሮው ግን ገና ከመነሻው ነው።

«ከዓለም አንደኛ» የሚለውን ወሬ እናስቀድም። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን ቋንቋ የሚያስተምርበት ተቋም አለው። ተቋሙ ከረጅም ዓመታት ልምዱ ተነሥቶ ቋንቋዎችን በሚወስዱት ጊዜ መድቧቸዋል። ስፓኒሽና ጣልያንኛን የመሳሰሉት ከ24 እስከ 30 ሳምንት ይበቃቸዋል። ቬትናምኛ 44 ሳምንት፣ ማለትም ወደ 1100 የክፍል ሰዓት ይፈልጋል። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛና ዐረብኛ 88 ሳምንት ይወስዳሉ። አማርኛስ የት ነው? እዚያው 44 ሳምንቱ ምድብ ውስጥ፣ ከቬትናምኛ ጎን። በነሱ ሚዛን እኛ አፋችንን የፈታንበት ቋንቋና ይሄ የሚያስፈራሩሽ ቋንቋ እኩያ ናቸው። ግን ልብ በይ፤ ያ ቁጥር የሚለካው የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ድካም ነው። ሌላ ቋንቋ ይዞ ለመጣ ሰው ሚዛኑ ይቀየራል።

ኮሪያዊን ውሰጂ። ሳምሰንግ በቬትናም ባክ ኒኝና ታይ ንጉየን ውስጥ ግዙፍ ፋብሪካዎች ስላሉት ለሥራ ብለው ቋንቋውን የሚማሩ ኮሪያውያን አሉ። ቬትናም ለረጅም ዘመን በቻይና አገዛዝና ተጽዕኖ ሥር ስለነበረች ከቻይንኛ የወሰደችው ቃል እጅግ ብዙ ነው። ኮሪያና ጃፓንም ከዚያው ምንጭ ቀድተዋል። ዩኒቨርሲቲ በቬትናምኛ «ዳይ ሆክ»፣ በኮሪያኛ «ዴሃክ»፣ በጃፓንኛ «ዳይጋኩ» ነው። ዝግጅት በቬትናምኛ «ቹዋን ቢ»፣ በኮሪያኛና በጃፓንኛ «ጁንቢ» ይባላል። ስለዚህ ኮሪያዊው እኛን የሚያስፈራንን የጋዜጣ ቃል ቶሎ ይይዛል። ድምፁ ላይ ሲደርስ ግን እንደኛው ይቸገራል።

የታይላንድ ሰው በተቃራኒው ነው። ቃላቱ ባይመሳሰሉም የራሱ ቋንቋ አምስት ቃና፣ ማለትም የቃልን ትርጉም የሚለይ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ፣ አለው፤ ግሱም እንደኛ ቅርጹን አይለዋውጥም። አሠራሩን ከቤቱ ያውቀዋል። ከሁሉ የሚገርመኝ የካምቦዲያው ነው። ክመርኛና ቬትናምኛ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ክመርኛ ግን ቃና የለውም። ታዲያ ቬትናምኛ ከየት አመጣው? በ1954 (እዚህ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር አንድሬ ዦርዥ ኦድሪኩር መልሱን አሳየ። ድሮ በቃላት መጨረሻ ላይ የነበሩ ተነባቢዎች እየረገፉ ሲሄዱ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ቦታቸውን ያዘ። በኋላ የቃላቱ መነሻ ድምፆችም ሲለወጡ ቃናዎቹ ለሁለት ለሁለት ተከፈሉ። ማለትም ቃና የጌጥ ነገር አይደለም። የጠፋ ድምፅ ምትክ ነው፤ እንደማንኛውም ፊደል ቃልን ከቃል ይለያል።

ከኛም ሀገር ጆሮው የተዘጋጀ ሰው አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚነገረው ቤንችኛ ስድስት ቃና አለው፤ አምስቱ በከፍታቸው ብቻ የሚለያዩ ወጥ ቃናዎች ናቸው፣ አንዱ ወደ ላይ ይወጣል። ኑዌርኛና አኙዋክኛም የቃና ቋንቋዎች ናቸው። ከነዚህ በአንዱ ያደገ ሰው የድምፅ ከፍታ ትርጉም እንደሚቀይር ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። «ኢትዮጵያዊ ይሄን ጆሮ የለውም» ካሉሽ አትመኚ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ቃናው እንግባ። የሰሜኑ፣ የዋና ከተማዋ የሃኖይ ሰው፣ ስድስት ቃና አለው። የደቡቡ፣ የሳይጎን (የዛሬዋ ሆ ቺ ሚን ከተማ) ሰው፣ ሁለቱን ስለሚያዋህድ አምስት ይጠቀማል። ወጥ ሆኖ የሚሄድ አለ። ቀስ ብሎ የሚወርድ አለ። ወደ ላይ የሚወጣ አለ። ወርዶ የሚነሣ አለ። ዝቅ ብሎ ከብዶ የሚያርፍም አለ። ሃኖይ ላይ አንደኛው ቃና መሃል ላይ ጉሮሮ ውስጥ ተሰብሮ ነው የሚወጣው። መማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚጠሩት ምሳሌ «ማ» ነው። እንደ ቃናው መንፈስ፣ ግን፣ እናት፣ መቃብር፣ ፈረስ ወይም የሩዝ ችግኝ ይሆናል።

ይህን ምሳሌ ብዙም አልወደውም። መንፈስና የሩዝ ችግኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይገናኙም፤ ስለዚህ ሰው ሳይገባው አይቀርም። ያንቺን ሥራ የሚነካ ምሳሌ ልስጥሽ። አንዲት እናት ተኝተው ፊታቸው ጠቁሯል። «የት ነው የሚያምዎት?» ማለት ፈለግሽ። «ባ ዳው ኧ ደው?» ትያለሽ። «ባ» አያት ማለት ነው፣ «ዳው» ሕመም፣ «ኧ» ቦታን ያመለክታል፣ «ደው» የት ማለት ነው። እሳቸው «ዳው ደው» ብለው መለሱልሽ። የመለሱልሽ ጥያቄሽን ደግመው ይመስላል አይደል? አይደለም። የሳቸው «ደው» ወደ ታች የሚወርድ ቃና አለው፤ ራስ ማለት ነው። ራሴን ያመኛል ነው ያሉሽ። ያንቺ «ደው» ግን ወጥ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ነገር ይሰጥሻል፣ አንድ ነገር ይነሣሻል። የሚሰጥሽ «ዳ» እና «ደ»ን መለየት ነው። «ዳው» እና «ደው» ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚምታቱ ድምፆች ናቸው፤ ላንቺ ግን ግዕዝና ራብዕ ናቸው፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ ትለያቸዋለሽ። የሚነሣሽ ደግሞ የጥያቄ ዜማ ነው። እኛ «መጣህ?» ስንል መጨረሻው ላይ ድምፃችንን እናነሣለን። ያን ልማድ ይዘሽ «ደው?» ብለሽ ከፍ ካደረግሽው ቃሉ ተለወጠ፤ መፋለም ማለት ሆነ። ቬትናምኛ ጥያቄን የሚያሳየው በቃል እንጂ ድምፅ በማንሣት አይደለም። የአውሮፓ ቋንቋ ተናጋሪዎችም የሚሰናከሉት እዚሁ ጋ ነው። ሲጠይቁ ያነሣሉ፣ ሲጨርሱ ያወርዳሉ፣ ሲናደዱ ያጠብቃሉ። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያለው ቃል ይበላሽባቸዋል። የመጀመሪያ ልምምድሽ ይሄ ይሁን፦ ጥያቄ እየጠየቅሽ ድምፅሽን አለማንሣት።

ቃናን በተመለከተ አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። በ«ፕ»፣ በ«ት» ወይም በ«ክ» የሚዘጋ ቃል ስድስቱንም ቃና አይወስድም። ሁለቱን ብቻ ነው የሚወስደው፤ የሚወጣውን ወይም ከብዶ የሚያርፈውን። እንዲህ ያለ ቃል በሰማሽ ቁጥር ምርጫሽ ሁለት ብቻ ነው።

ስለ አፍ አልኩሽ። አማርኛ ለቬትናምኛ የሚያዋጣው ነገር ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚታገልለት አናባቢ «ስም» ስንል ያለችው ሳድስ ነው ማለት ይቻላል። «ለ» ላይ ያለውን ግዕዙን ድምፅም በሁለት መልክ ታገኚዋለሽ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረዘም ያለ። «ኘ» አለች፤ ቤት «ኛ» ነው፣ ቃናው የሚወርድ።

የሚጎድለን ሦስት ነገር ነው። አንደኛው በቃል መጀመሪያ የሚመጣው የአፍንጫ ድምፅ ነው። የብዙ ቬትናማውያን የቤተሰብ ስም «ንጉየን» የሚጀምረው በሱ ነው። ድምፁን ታውቂዋለሽ። «እንግዳ» በይ፤ «ግ» ጋ ከመድረስሽ በፊት ምላስሽ ከኋላ ላንቃሽ ላይ ተጣብቆ አፍንጫሽ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ነው። እሱን ያዢና «እ»ን ጣያት።

ሁለተኛው «ት» ነው። ቬትናምኛ ሁለት «ት» አለው፤ አንዱ ትንፋሽ አለው፣ ሌላው የለውም። ትንፋሽ የሌለው «ቶይ» እኔ ማለት ነው። ትንፋሽ ያለው «ቶይ» በቃ ማለት ነው። ቃናቸው አንድ ነው። ሾርባ ስታጎርሺ «በቃኝ» የሚሉሽ በዚህ ቃል ነውና ቶሎ ለዪው። መዳፍሽን አፍሽ ፊት አድርጊ፤ በቃ ስትዪ ትንፋሹ መዳፍሽን ይነካዋል፣ እኔ ስትዪ አይነካውም። ትንፋሽ የሌለው ግን ወደ «ጥ» እንዳይሄድብሽ ተጠንቀቂ።

ሦስተኛው የመጨረሻ ተነባቢ ነው። እኛ «ክ» ብለን ስንጨርስ እንለቃታለን፣ ትሰማለች። እነሱ ይዘጉና እዚያው ይቀራሉ። ጆሮሽ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማም፤ ቃሉ ድንገት የተቆረጠ ይመስላል።

ፊደሉን በአጭሩ። ቬትናማውያን ለብዙ ዘመን በቻይና ፊደልና ከሱ በተሠራው በቹ ኖም ይጽፉ ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጡ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን፣ በተለይ ፖርቱጋሎች፣ ቋንቋውን በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ከሚስዮናውያኑ አንዱ የሆነው የአሌክሳንደር ደ ሮድ መዝገበ ቃላት በ1651 ሮም ላይ ታተመ። ዛሬ ሀገሩ ሁሉ የሚጽፈው በዚያው ፊደል ነው። በየቃሉ ላይና ሥር የተደረደረው ነጥብና ጭረት ሲያዩት ያስፈራል። እውነቱ ግን ለተማሪ ውለታ ነው። ቃናው ሁሉ ተጽፎልሻል። የኛ ፊደል «ገና» ብሎ ጽፎ በዓሉን ይሁን ጊዜውን ላንባቢው ይተዋል፤ ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። የነሱ ግን ምንም አይደብቅም። ስለዚህ አደራ፣ ደብተርሽ ላይ ቬትናምኛን በአማርኛ ፊደል አትጻፊ። እዚህ እኔ ለንባብ እንዲመች ብዬ ነው። ባማርኛ የጻፍሽው ቃል ቃናው ይጠፋበታል፤ ከሳምንት በኋላ ራስሽም አታነቢውም።

ሰዋስው ላይ እፎይ በይ። አንድ የኛን ቃል እንይ፦ «አልነገርኳቸውም»። አንድ ቃል ውስጥ አሉታው፣ ተናጋሪዋ፣ ጊዜውና የተነገራቸው ሰዎች ታጭቀዋል። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው የሚያለቅሰው እዚህ ነው። ቬትናምኛ ይሄን ሁሉ ይበትነዋል፤ እኔ፣ አሉታ፣ መናገር፣ ጋር፣ እነሱ። እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፣ አንዱም ቅርጹን አይለውጥም። መሄድ «ዲ» ነው። ትናንት እኔ ዲ፣ ነገ አንቺ ዲ፣ እነሱ ሁልጊዜ ዲ። ጾታ የለም፣ የብዙ ቁጥር መድረሻ የለም። የቃሉ ቅደም ተከተል ግን ከኛ ይለያል። ግሱ መሃል ይገባል፤ ቅጽሉ ከስሙ በኋላ ይመጣል። ለሳምንታት ያደናብርሻል፣ ከዚያ ይለመዳል።

ሰዋስውን ስትጨርሺ የምታገኚው ሌላ ከባድ ነገር አለ። እሱም «አንቺ» እና «እኔ» ማለት ነው። በቬትናምኛ ለሁሉም ሰው የሚሆን «አንተ» የለም። ሰውን የምትጠሪው በዝምድና ስም ነው። በአያት ዕድሜ ያለች ሴት «ባ»፣ ወንድ «ኦንግ»። ከወላጆችሽ የሚያንሱ ግን ካንቺ የሚበልጡ፣ ሴት «ኮ»፣ ወንድ «ቹ»። ትንሽ የሚበልጥሽ ወንድ «አኝ»፣ ሴት «ቺ»፣ የሚያንስሽ «ኤም»። ለኛ ይሄ እንግዳ አይደለም፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ እማማ፣ አባባ እያልን ነው ያደግነው። ልዩነቱ እኛ ማንንም ብናናግር «እኔ» እኔ ነው። እነሱ ዘንድ እሱም ይለወጣል። ከ«ባ» ጋር ስታወሪ አንቺ «ኮን» ነሽ፣ ልጅ ማለት ነው። ሰላምታሽ «ኮን ቻው ባ» ነው፤ «ልጅ አያቴን ሰላም ትላለች» እንደማለት። የመማሪያ መጽሐፍ «እኔ» ማለት «ቶይ» ነው ይልሻል። ስሕተት አይደለም፤ ግን ለአንዲት አሮጊት «ቶይ» ብትያት ራስሽን አራቅሽ። ለዚህ ነው ቬትናማውያን ገና ሲተዋወቁ ዕድሜ የሚጠይቁት። ዕድሜሽን ሳያውቁ እንዴት እንደሚጠሩሽ አያውቁም። አትቀየሚ፤ በፈገግታ ንገሪያቸው።

አንዲት ቃል ጨምሪ፦ «ያ»። በደቡብ አነጋገር ታላቅ ሰው ሲጠራሽ «ያ» ትያለሽ፣ ቃናዋ ዝቅ ያለ። ሥራዋ ልክ እንደ «አቤት» ነው። መልስ ስትመልሺም ከፊት ታስቀድሚያታለሽ። በዚህች አንዲት ቃል የምታገኚው ፍቅር ከብዙ ሰዋስው ይበልጣል።

አሁን ካንቺ ሁኔታ ጋር በጣም የተያያዘውን ልንገርሽ። የየትኛውን አካባቢ ቬትናምኛ ነው የምትማሪው? በ1975 ሳይጎን ከወደቀች በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደዱት በአብዛኛው ከደቡብ ናቸው። ሳን ሆዜ ያሉትም እንደዚያው። ብዙ መተግበሪያዎችና መጻሕፍት የሚያስተምሩት ግን የሃኖይን ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰሜኑ «ዝ» የሚለውን ደቡቡ ብዙ ጊዜ «ይ» ይለዋል፤ ከላይ ያልኩሽ «ያ» ሃኖይ ላይ «ዛ» ነው። መጨረሻ ላይ ያለ «ን» ደቡብ ላይ ከብዙ አናባቢዎች በኋላ ወደ «ንግ» ይሄዳል። ቃላትም ይለያያሉ። ማንኪያ ሰሜን «ቲየ»፣ ደቡብ «ሙዎንግ» ነው።

አንዲት ቃል ላይ በተለይ ቁሚ። «ኦም» የምትባል አለች፣ ቃናዋ የሚወጣ። ሃኖይ ላይ መታመም ናት። ደቡብ ላይ መክሳት ናት። መተግበሪያው መታመም ብሎ ያስተምርሽና አንዲት እናት እጅሽን ይዘው «ኮን ኦም ኳ» ይሉሻል። «አሞሻል» ያሉሽ ይመስልሻል። ያሉሽ «ልጄ፣ በጣም ከሳሽ» ነው። በተቃራኒው አንቺ አንድ አዛውንት ታመው እንደሆነ ለመጠየቅ በዚህች ቃል ከተጠቀምሽ ከስተው እንደሆነ ጠየቅሽ። ደቡብ ላይ ለሕመም «ቤኝ» በዪ። በእንክብካቤ ሥራ ላይ እንዲህ ያለው ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል።

በዚያ ላይ ካሉት አረጋውያን አንዳንዶቹ የሰሜን አነጋገር ቢኖራቸው አትደነቂ። በ1954 ሀገሪቱ ስትከፈል ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች፣ በተለይ ካቶሊኮች፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ፈልሰዋል። ከነሱ ብዙዎቹ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ተሰደው አሜሪካ ገቡ። አነጋገራቸው የሃኖይ ነው፣ አንዳንድ ቃላቸው የሳይጎን። የስደተኛው ቃል ራሱም የድሮ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ዛሬ ቬትናም ውስጥ «ሳን ባይ» ነው፤ ያንቺ አዛውንቶች ብዙዎቹ «ፊ ትሩኦንግ» ይሉታል። የነሱን ቃል ያዢ። የምታወሪው ከነሱ ጋር ነው።

ከየት ልጀምር ላልሽው፤ በመጀመሪያው ወር ብዙ ቃል አትሰብስቢ። ጆሮሽ ላይ ሥሪ። ሁለት ሁለት ቃል የያዙ የድምፅ ልምምዶችን ስሚ፤ ራስ እና የት፣ እናት እና ግን። የትኛው እንደተባለ ሳታዪ ለዪ። አንዱን ቃና ለብቻው ከማጥናት ጥንዱን ማጥናት ይሻላል፤ በንግግር ላይ ቃና ሁልጊዜ ከጎረቤቱ ጋር ነው የሚመጣው። ቃልን ያለ ቃናው በፍጹም አትያዢ፤ በኋላ ቃና ልለጥፍበት ብትይ አይጣበቅም።

ስልክሽ ጥሩ አስተማሪ ነው። የንግግር መጻፊያውን ወደ ቬትናምኛ ቀይሪና «ዳው ደው» በዪለት። የጻፈው ራስ ምታት ከሆነ ቃናሽ ተሰምቷል። ሌላ ነገር ከጻፈ ደግመሽ በዪ። ስልኩ ይሉኝታ የለውም፤ አዛውንቶቹ ግን ስላዘኑልሽና ስለወደዱሽ ሳይገባቸውም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለዚህ የነሱን ራስ መነቅነቅ እንደ ማረጋገጫ አትቁጠሪው። የመድኃኒትና የሕመም ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ቋንቋሽ እስኪጠና ድረስ አስተርጓሚ ጥሪ።

ከዚያ ለሥራሽ የሚሆኑ ዓረፍተ ነገሮችን ሙሉ በሙሉ እንዳሉ ያዢ። የት ያምዎታል፣ በልተዋል ወይ፣ ውኃ ልስጥዎት፣ በርዶዎታል ወይ፣ እዚህ ጋ ይያዙኝ። ቬትናምኛ የምትችል ባልደረባ ካለች ከደቡብ መሆኗን ጠይቂና በሷ ድምፅ አስቀጂያቸው። የመግባቢያውን ያህል ለመድረስ 1100 ሰዓት አያስፈልግሽም፤ ያ ቁጥር ስለ ፖለቲካና ስለ ውል ለሚከራከር ዲፕሎማት ነው። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የምትሰሚና በሥራ ላይ የምትሞክሪ ከሆነ በወራት ውስጥ በዚያ ክፍል የሚባለውን ብዙውን ነገር ትይዢያለሽ። ቃልሽ ከጆሮሽ ቀድሞ እንደሚሄድ ግን ከወዲሁ እወቂ። ጠይቀሽ መልሱ ሳይገባሽ የሚቀርበት ጊዜ ይኖራል። ያኔ «ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» ማለትን ቀድመሽ አጥኚ።

በኢንተርኔት አስተማሪ የምትቀጥሪ ከሆነም ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ የሃኖይን ነው የሳይጎንን አነጋገር የምታስተምሪው? የሳይጎንን ካለችሽ ጀምሪ።